ከዝርዝሩ የቀረው ፎልደር

ሃርድ ዲስኮቹን የበሳኋቸው እኔ ራሴ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ነገሩን ለሰው ባወራሁ ቁጥር ሰሚው ጥፋቱን ወደ ሌላ ሊያዞርልኝ ይሞክራልና። አንዱ «ኩባንያው ነው» ይላል፤ ሌላው «ይሄ ክላውድ የሚሉት ነገር ድሮም አይታመን» ይላል። ኩባንያው ሥራውን በደንብ ሠርቷል። ክላውዱም የሰጠነውን ሁሉ አንዲት ፊደል ሳያጎድል እስከ ዛሬ ይዟል። የጠፋው ያልሰጠነው ነው። ያልሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

የምሠራው ሐረር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን የቤቶችን መዝገብ ይይዛል። ዋናው ቢሮ ከጀጎል ግንብ ውጭ ነው፤ ከቅርንጫፎቹ አንዱ ፈረስ መጋላ አጠገብ፣ አንዱ አቦከር፣ የቀሩት ገጠር ናቸው። ስቀጠር የተረከብኩት ሁለት ሰርቨር፣ መብራት ሲጠፋ ኃይል መያዝ ያቃተው አንድ ዩፒኤስ፣ እንዲሁም ድሮ የወረቀትና የቀለም ማከማቻ የነበረች መስኮት አልባ ክፍል ነበር። ከእነሱ ጋር ብዙ ዓመት ኖርኩ። የማራገቢያቸው ድምፅ ሲለወጥ ኮሪደር ላይ ሆኜ እለየው ነበር። መብራት ሲጠፋ የምሮጠው እኔ፣ አንዱ ቅርንጫፍ ከመስመር ሲወጣ ኬብል መፈተሻዬን ይዤ ባጃጅ የምሳፈረው እኔ ነበርኩ።

በዚያ ሁሉ ዓመት ከምንም በላይ የምጠላው አንድ አባባል ነበር፤ «ሲስተም የለም»። ከገጠር በእግሩ መጥቶ ሰልፍ የያዘ ገበሬ ያንን ሰምቶ፣ ወረቀቱን መልሶ በፌስታል ጠቅልሎ ሲሄድ ማየት ያሳፍረኝ ነበር። የሚናገሩት መስኮት ላይ የተቀመጡት ሠራተኞች ቢሆኑም፣ ሲስተሙ የእኔ ነበርና።

መዝገብ ቤቱን የሚይዙት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሐጅ አድርገው ስለነበር ሁላችንም «ሀጂ» እንላቸዋለን። የጀጎል ተወላጅ ናቸው። ቤታቸው የሚነጋገሩት በጌይ ሲናን፣ በሐረሪ ቋንቋ ነው፤ ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ ይግባባሉ፤ ከእኔ ጋር ደግሞ እያንዳንዱን ቃል መዝነው በሚያወጡት አማርኛ። መዝገቡ የማይመልሰውን ጥያቄ የሚመልሱት እሳቸው ነበሩ። የድሮው መዝገብ «በምሥራቅ የእገሌ ቤት ያዋስነዋል» ብሎ ያቆማል። እገሌ ከሞቱ ሦስት ትውልድ አልፏል፤ ቤታቸው ተሽጧል፣ ተከፍሏል፣ እንደገና ተጋጥሟል። ሀጂ ግን የትኛው ኡጋ ውስጥ፣ ማለት የትኛዋ ጠባብ መንገድ ላይ፣ የትኛዋን አሮጊት ቢጠይቁ ነገሩ እንደሚገኝ ያውቃሉ። ከዐስር ሰላት፣ ከከሰዓቱ ስግደት በኋላ ሄደው ይጠይቃሉ፤ የሰሙትን በደብተር ይጽፋሉ።

አንድ ጊዜ ግን አንድ ባለጉዳይ ደብተሩን አይቶ «ይሄ እኮ የሀጂ ቃል ነው፤ የአያቴ ቃል አይደለም» አላቸው። ሀጂ አልተከራከሩትም። በማግሥቱ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ገዙ።

ከዚያ በኋላ በሄዱበት ቤት ሁሉ ስልኩን ነደባው ላይ፣ ማለት ምንጣፍ የሚነጠፍበት ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ፣ በሰውየውና በእሳቸው መሃል አስቀምጠው መቅዳት ሆነ ሥራቸው። ማን ከማን እንደገዛ፣ የውሃ መውረጃው በማን በኩል እንደነበር፣ የትኛው በር ከየትኛው በኋላ እንደተከፈተ። ማንም አላዘዛቸውም። በሥራ ዝርዝራቸውም ውስጥ የለም።

አንድ ቀን ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሰላት በኋላ ወደ ማሽን ክፍሌ መጡ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ልጄ፣ ይሄ ስልክ ሞላብኝ። ሌላ አልቀበልም አለኝ።»

«ምን ሞላበት ሀጂ?»

«ሰው» አሉኝ።

አብረን ሰማን። የአንዲት አሮጊት ድምፅ ነበር፤ ቀስ ያለ፣ በየመሃሉ የሚያርፍ። ከኋላ ዶሮ ይጮኻል፤ የሆነ ሰው ዕቃ ያጥባል። ሐረር ተወልጄ ያደግሁ ብሆንም ጌይ ሲናን የምሰማው ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሀጂ የቀረውን እየተረጐሙልኝ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከዚያ ኮምፒውተሬን ከፍቼ አንድ ፎልደር ሠራሁላቸው። የሠራሁት ግን መዝገብ ቤቱ ስር አልነበረም። ለመዝገብ ቤቱ ተጨማሪ ቦታ ለመስጠት የኃላፊ ፈቃድና ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ቸኩዬ ነበር። በራሴ ስም ስር አደረግሁት።

«ለጊዜው እኔ ጋ ይሁን ሀጂ። ቦታ ሲፈቀድ ወደ እርስዎ ክፍል አዛውረዋለሁ።»

«ጀዛኪላህ ኸይር» አሉ። አላህ መልካሙን ይክፈልሽ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ በሞላ ቁጥር ይመጡ ነበር። ድምፆቹ ከሰባ አለፉ። «ለጊዜው» ያልኩት ዓመታት ወሰደ። ሀጂ ጡረታ የወጡ ቀን ሁሉንም ተሰናብተው መጨረሻ እኔ ጋ መጡና «ድምፆቹስ?» አሉኝ።

«አሉ ሀጂ። አያስቡ።»

እውነት ነበር፤ ያን ጊዜ ነበሩ።

ሀጂ በወጡ በዓመቱ ግድም ወደ ክላውድ እንድንዛወር ተወሰነ። ሰነዶቻችን እኔ ክፍል ባሉት ሁለት አሮጌ ማሽኖች መኖራቸው ይቀርና አዲስ አበባ ባለ ትልቅ ዳታ ሴንተር፣ መብራት በማይጠፋበት፣ ሙቀቱ ቀን ከሌት በሚለካበት ቤት ይኖራሉ ማለት ነው። በየቅርንጫፉም አዲስ ሳጥን ይሰቀላል። ሳጥኑ ፋይበሩንና የሞባይል ኔትወርኩን እኩል ይይዛል፤ አንዱ ሲደክም ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ሌላው ይዞራል። እኔ ባጃጅ ተሳፍሬ የማስተካክለውን ነገር አንድ ሰው ከአንድ ስክሪን ላይ፣ ከሌላ ከተማ ሆኖ ያስተካክለዋል።

ሥራውን ለመምራት፣ ዝውውሩን ከያዘው የአዲስ አበባ ኩባንያ አንዲት መሐንዲስ መጣች። በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ ንግግር አታበዛም፤ ጥንቁቅ ናት። በመጀመሪያው ስብሰባ የየክፍሉን ኃላፊዎች ሰብስባ አንድ ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ አሳየች።

«የሚዛወረው እዚህ ዝርዝር ላይ ያለው ብቻ ነው» አለች። «እናንተ በልባችሁ የምታውቁትን ሲስተሙ አያውቅም። እባካችሁ ሄዳችሁ እያንዳንዱን ፎልደር ክፈቱ፤ እዩ፤ ከዚያ ፈርሙ።»

ይህን በሦስት ስብሰባ ሦስት ጊዜ ተናገረች። የመዝገብ ቤቱ አዲስ ኃላፊ ከፍቶ አይቶ ፈረመ። ሌሎቹም ፈረሙ። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞረች።

«የአንቺስ? በስምሽ ትንሽ የማይባል ነገር አለ።»

«የሙከራ ፋይልና የድሮ ሶፍትዌር ነው። ቆሻሻ ነው፤ አይሄድም» አልኳት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚች አንዲት ቃል ብዙ አስቤያለሁ። ድምፆቹን ፈጽሞ ረስቻቸው አልነበረም። ትዝ አሉኝ እንኳን። ግን ባለፈው ዓመት ዲስክ ስንቀይር ወደ መዝገብ ቤቱ ያዛወርኳቸው መሰለኝ። በማስታወሻ ደብተሬ «የሀጂን ድምፆች ማዛወር» ብዬ መጻፌን አስታውሳለሁ። መጻፌን እንደ መሥራት ቆጠርኩት። መሐንዲሷ ክፈቱ ብላ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ እየዞርኩ ያስከፈትኩ እኔ የራሴን አልከፈትኩም። ፈረምኩ።

ዝውውሩ በሁለት ቅዳሜና እሑድ አለቀ። ሰኞ ጠዋት መስኮቶቹ ተከፈቱ፤ ሲስተሙ ነበር። በሳምንቱ ከድሬዳዋ በሚመጣው መንገድ ላይ የመንገድ ሥራ ማሽን ፋይበሩን ቆረጠው። እንደ ድሮው ቢሆን ሁለት ቀን ሥራ ይቆም ነበር። ያን ቀን ግን ማንም አላወቀም። ፈረስ መጋላ ያለው ቅርንጫፍ እስከ ምሳ ድረስ ባለጉዳይ ሲያስተናግድ ቆየ፤ መስመሩ መቆረጡን የሰማሁት ከአዲስ አበባ በመጣ መልእክት ነው። ስልኬ አልጮኸም። ደስ አለኝ፤ እግሬ ግን ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት ማሽን ክፍሉን ዞር ዞር አልኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ የሚጠራኝ አጣሁ።

ሁለቱ አሮጌ ሰርቨሮች ተዘጉ። ደንቡ ዲስኮቹ እንዲደመሰሱ፣ ከዚያም ማንም መልሶ እንዳይጠቀምባቸው እንዲበሱ ያዛል። ትክክለኛ ደንብ ነው፤ የሰው ቤትና ንብረት መረጃ ነውና። ከግቢው አናጢ መሰርሰሪያ ተውሼ ጓሮ ወጣሁ። እያንዳንዱን ዲስክ ሦስት ቦታ በሳሁት። ብረቱ ሲበሳ የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያሳክካል። ጨርሼ አቧራዬን አራግፌ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምኩ።

ወራት አለፉ። አንድ ረፋድ ሀጂ ቢሮ መጡ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከስተዋል፤ ኮፍያቸው ግን እንደ ድሮው ነጭ ነው። አብራቸው አንዲት ሴትዮ አለች፤ ጎልማሳ፣ ሻርፗን ከአገጯ ስር አጥብቃ የያዘች። ሀጂ ጉዳዩን ነገሩኝ። ሴትዮዋና ወንድሟ ጀጎል ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቤቶች ወርሰዋል። የእሷ ቤት ወደ ኡጋው የሚወጣው በወንድሟ በኩል በምታልፍ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ወንድምየው መተላለፊያዋን ዘግቶ ለእንግዳ የሚከራይ ክፍል ሊሠራባት ይፈልጋል። እሷ «አባቴ ለሁለታችንም ብሎ የተዋት ናት» ትላለች። ወረቀት የለም። አባትየው ያንን ሲናገሩ የሰሙ አንዲት ጎረቤት ነበሩ፤ እሳቸውም ባለፈው ረመዷን አረፉ።

«ግን ድምፃቸው አለ» አሉ ሀጂ። «እኔ ነኝ የቀዳኋቸው። ነገ ሽማግሌ ይቀመጣል። አውጪልንና እናሰማቸው።»

ሴትዮዋ ፊቷ ፈካ። እኔም ፈገግ ብዬ አዲሱን ሲስተም ከፈትኩ፤ የመዝገብ ቤቱን ማውጫ ፈለግሁ። የለም። በሀጂ ስም ፈለግሁ። የለም። «ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑን ብዬ ሞከርኩ፤ የፋይሉን ዓይነት ብዬ ሞከርኩ። ስክሪኑ በየጊዜው ባዶ ይመጣል። ያኔ ጓሮው፣ መሰርሰሪያው፣ ያ ድምፅ ትዝ አለኝ።

ሀጂ እየጠበቁኝ ነው። ሴትዮዋም።

«ሀጂ፣ ሲስተሙ ትንሽ አስቸግሯል» አልኩ። «ነገ ጠዋት ይምጡ።»

ያን የምጠላውን አባባል በሌላ ቃል በራሴ አፍ ተናገርኩት። ሀጂ «ኢንሻአላህ» ብለው ተነሱ። ሴትዮዋ እየወጣች አመሰገነችኝ።

በር ዘግቼ መሐንዲሷ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ስነግራት አላቋረጠችኝም።

«ዲስኮቹስ?» አለች መጨረሻ ላይ።

«በስቻቸዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ሦስት ሦስት ቦታ።»

«እንደዚያ ከሆነ ምንም ማድረግ አልችልም» አለችኝ። «ሌላ ቦታ ኮፒ ካለሽ ፈልጊ። ፍላሽ፣ የድሮ ስልክ፣ ማንኛውንም ነገር።»

የሀጂ ስልክ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ተበላሽቶ ተጥሏል። መሳቢያዎቼን ሁሉ ገለበጥኩ። አንድ አሮጌ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ተገኘ። በውስጡ በመጀመሪያው ዓመት ኮፒ ያደረግኳቸው አሥራ አንድ ድምፆች ነበሩ። የሴትዮዋ ጎረቤት ከእነሱ መካከል አልነበሩም።

በማግሥቱ ሀጂ እስኪመጡ አልጠበቅሁም፤ ቤታቸው ሄድኩ። በሩ እንደ ጀጎል ቤቶች ሁሉ ክፍት ነበር። ነደባው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሐቸውን ይቆጥራሉ። ገብቼ ቆሜ ቀረሁ።

«ቁጭ በይ እንጂ» አሉኝ።

«ሀጂ፣ ድምፆቹ የሉም።»

«እስካሁን ሲስተሙ አልተስተካከለም?»

«ሲስተሙ ደህና ነው። ትላንት የነገርኩዎት ውሸት ነው። ስንዛወር እኔ ነኝ የተውኳቸው። የነበሩበትንም ዲስክ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ሙስበሐው እጃቸው ላይ ቆመ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለኝ ነበር። «ስንት ቀረ?» አሉኝ።

«አሥራ አንድ።»

«እነማን ናቸው?»

ስማቸውን ከወረቀት አነበብኩላቸው። በእያንዳንዱ ስም ላይ እያቆሙ «አላህ ይርሀመው» ወይም «አላህ ይርሀማት» ይላሉ። አሥራ አንዱም ሞተዋል። ስጨርስ ቀና ብለው አላዩኝም።

«እኔ ከእያንዳንዳቸው ቤት ስገባ ምን ብዬ እንደገባሁ ታውቂያለሽ? የምትነግሩኝ በመንግሥት ቤት ይቀመጣል፤ ልጆቻችሁ በተጣሉ ቀን ይወጣል ብዬ ነው። አማና፣ አደራ ብዬ ነው የተቀበልኳቸው። አንቺን አልቆጣም ልጄ። ግን አሁን ለማን ልመልስ? የሰጡኝ ሰዎች የሉም።»

የስሞቹን ወረቀት አጠገባቸው አስቀምጬ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ በሴትዮዋ ግቢ ተቀመጡ። እኔም ሄድኩ፤ ማንም አልጠራኝም፤ ግን ቤቴ መቀመጥ አልቻልኩም። ሀጂ ከሟቿ የሰሙትን ሁሉ ተናገሩ። ወንድምየው ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ሀጂ፣ እርስዎን እንደ አባቴ አከብራለሁ» አለ። «ነገር ግን ትላንት ድምፅ አለ ተባለ። ዛሬ የለም ተባለ። እኔ በዚህ ቤቴን ልስጥ?»

እኔ ተነስቼ ድምፁ እንደነበረ፣ ያጠፋሁትም እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ሴትዮዋ አየችኝ።

«ማሽን ይረሳል እንዴ?» አለችኝ። ለነገር አልነበረም፤ እውነት መጠየቋ ነው።

«ማሽኑ አልረሳም። እኔ ነኝ የረሳሁት።»

ሽማግሌዎቹ ሁለት ቀን ተቀመጡ። ወረቀት የለም፣ ምስክሯ አርፈዋል፣ ድምፅ የለም። በመጨረሻ መተላለፊያዋ ለወንድምየው ሆነች፤ እሱም ለእህቱ በሌላ በኩል፣ በጎረቤት ግቢ የሚወጣ በር ሊከፍትላት ተስማማ። በሩ ተከፈተ። ግን በሰው ግቢ አልፎ መውጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንግዳ ሲመጣባት፣ አስከሬን የወጣ ቀን፣ ሙሽራ የገባ ቀን ማስፈቀድ አለባት። መተላለፊያዋ በድንጋይ ተዘጋች። ከኡጋው ሲታይ አዲሱ ድንጋይ ከአሮጌው ይለያል፤ ኖራው ገና ነጭ ነው።

በሳምንቱ የሆነውን ሁሉ በደብዳቤ ጽፌ ለኃላፊዬ አስገባሁ። አንብቦ ጠራኝና በሩን እንድዘጋ ነገረኝ።

«ይህን ለምን ጻፍሽ? ማንም አልከሰሰሽም። ፎልደሩ እኮ በመሥሪያ ቤቱ ሰነድ ላይ የለም። የሌለ ነገር አይጠፋም።»

«የጠፋው በሰነድ ላይ ስላልነበረ ነው» አልኩት።

ግንባሩን አሻሸ። ክፉ ሰው አይደለም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ በማኅደሬ ውስጥ አለ። አብሬ የጠየቅሁትን ግን ፈቀደ። መዝገብ ቤቱ የቃል ምስክርነት የሚያስቀምጥበት የራሱ ቦታ በክላውዱ ላይ እንዲኖረው፣ ባለቤትና ተጠያቂ ተጽፎለት ዝርዝሩ ላይ እንዲገባ።

ቦታው ተዘጋጀ፤ ከአሥራ አንዱ በቀር የሚገባበት ድምፅ ግን አልነበረም። ሀጂ ጋ ሄጄ እንደገና እንጀምር ማለት አፍሬ ሰነበትኩ። የደወሉት እሳቸው ናቸው።

«መቅጃ ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

«ወደ ማን ነው የምንሄደው ሀጂ?»

«የትም አንሄድም። ከእኔ ትጀምሪያለሽ። የሰጡኝን ሁሉ እንደሰጡኝ እናገራለሁ።»

ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ከዐስር ሰላት በኋላ ቤታቸው እሄድ ነበር። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ በመጀመሪያ «ይህ እኔ የሰማሁት ነው እንጂ ያየሁት አይደለም» ይላሉ፤ ከዚያ የሰውየውን ስም ጠርተው ይጀምራሉ። አንዳንዱን በሟቹ አነጋገር ነው የሚናገሩት፤ አንዱ ሽማግሌ በየመሃሉ ያስል ነበር መሰለኝ፣ እሳቸውም እዚያ ቦታ ላይ ትንፋሽ ይወስዳሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያቆማሉ። ግንባራቸው ይቋጠራል። «ይህን ረሳሁት» ይላሉ በግልጽ። መጀመሪያ ላይ ያንን ቆርጬ ላወጣው ፈልጌ ነበር።

«ተይው» አሉኝ። «መርሳቴም ይታወቅ።»

ተውኩት። እንዲህ አድርገው ከሰባዎቹ የአርባውን ያህል ተናገሩ። ምስክርነት አይደለም፤ የምስክርነት ወሬ ነው። ማንም ሽማግሌ ፊት አይጸናም ይሆናል። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን። በየፋይሉ መግቢያ ላይም ጽፈነዋል።

አሁን ድምፆቹ ሦስት ቦታ ይኖራሉ። አንዱ አዲስ አበባ ባለው ዳታ ሴንተር፣ አንዱ ሌላ ከተማ ባለ ሁለተኛ ማዕከል፣ አንዱ እዚሁ መዝገብ ቤቱ ካዝና ውስጥ። ሲስተሙ በየሳምንቱ «ኮፒው ተሳክቷል» የሚል አረንጓዴ ምልክት ይልክልኛል። ምልክቱን አይቼ አላልፍም። ሐሙስ ሐሙስ ከሦስቱም ቦታ አንድ አንድ ድምፅ አውጥቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። አዲስ አበባ ያለችው መሐንዲስ በስልክ ስነግራት «ይህን የሚያደርግ ሰው አላውቅም» አለችኝ። ሙገሳ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ሌላ የማምነው መንገድ የለኝም።

ከሀጂ ቀጥሎ ወደ ሌሎች መሄድ ጀመርን። በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው። የሀጂ ጆሮ እየደከመ ስለሆነ ጥያቄውን እሳቸው ይጠይቃሉ፤ መልሱን እኔ ጮክ ብዬ እደግምላቸዋለሁ። ጌይ ሲናንም ለዚሁ ስል ከበፊቱ የተሻለ ተማርኩ።

በቅርቡ አቦከር ወደሚኖሩ አንዲት እናት ሄድን። በእኛ አገር እንዲህ ያሉትን እናቶች «አዴ» ነው የምንላቸው። ተወልደው ያደጉት ጀጎል ውስጥ ነው፤ አሁን ልጃቸው ቤት ተቀምጠዋል። ሀጂ የመጣንበትን ነገሯቸው። መቅጃውን አውጥቼ ምንጣፉ ላይ ሳስቀምጥ እጃቸውን ዘረጉና ያዙኝ።

«ይሄ የት ነው የሚሄደው?»

«ክላውድ ላይ ይቀመጣል አዴ።»

«የልጅ ልጄ ነግራኛለች። ደመና ማለት ነው አለችኝ። ደመና ይቆማል እንዴ?»

ሀጂ አልሰሙም፤ ፊቴን ያዩ ነበር። ቀድሞ ቢሆን «አያስቡ» እል ነበር።

«አዴ፣ ስሙ ነው እንጂ ደመና አይደለም» አልኳቸው። «ቤት ነው። ሌላ ከተማ ያለ፣ ማሽን የሞላበት፣ ጠባቂ ያለው ቤት። ቤቱ ጠንካራ ነው። እዚያ የሚገባውንና የማይገባውን የሚመርጠው ግን ሰው ነው። ከዚህ በፊት እኔ በትክክል ሳልመርጥ ቀርቼ የብዙ ሰው ቃል ጠፍቶብኛል።»

አዴ እጄን አልለቀቁም። ወደ ሀጂ ዞር ብለው በጌይ ሲናን «እውነቷን ነው?» አሏቸው፤ ልደግምላቸው ስል ሀጂ በራሳቸው ገብቷቸው ነበር። ጭንቅላታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ይህን ሳልጠይቅሽ ነገርሽኝ» አሉኝ አዴ። «እንግዲህ ክፈቺው።»

ከፈትኩት። አዴ ጉሮሯቸውን ጠርገው የአባታቸውን ስም፣ የአያታቸውን ስም ተናገሩ፤ ከዚያ ስለተወለዱበት ቤት፣ በሩ ወደ የት ይከፈት እንደነበር፣ ከግድግዳው ማዶ ማን ይኖር እንደነበር አንድ በአንድ ይናገሩ ጀመር። ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን እስኪል ድረስ ተናገሩ። ሀጂ ለሰላት ሲነሱ እኔ ፋይሉን ስም ሰጥቼ፣ ዝርዝሩ ላይ አስገብቼ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ ከመጀመሪያው መስማት ጀመርኩ።